የጋሽ ደምሴ ፊርማ

ጋሽ ደምሴ ማረፋቸውን ደውላ የነገረችኝ ልጃቸው ማርታ ናት። ማክሰኞ ጠዋት ነበር፤ ፍራንክፈርት ቬስትኤንድ ሰፈር አንድ ቆንስላ በር ላይ ቆሜ ለቃለ መጠይቅ ተራዬን እጠብቃለሁ። ማርታ እዚህ ተወልዳ ያደገች ናትና ለሐዘን የሚሆን አማርኛ ቶሎ አልመጣላትም። «አባዬ ትናንት...» ብላ ጀመረች። የቀረውን በጀርመንኛ ጨረሰችው። ትንሽ ቆይታ፣ «አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ ይወድህም ነበር። ለቀብሩ አንድ ገጽ ጻፍልን» አለችኝ።

«ሌላ ሰው ይጻፈው፣ ማርታዬ።»

«ለምን?»

«እኔ ከጻፍኩ ሁሉንም ነው የምጽፈው።»

ምን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ገጹን ሌላ ሰው ጻፈው። በዚያ ሳምንት የከተማችን ሐበሾች በሚነጋገሩበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ስለ እሳቸው የተባለውን ሁሉ አነበብኩ። ቃላቸው ማኅተም ነበር፣ ሙያቸውን አክባሪ ነበሩ፣ ሰው አያስቀይሙም ነበር። አብዛኛው እውነት ነው። እኔ ግን ከእሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ስጠብቅ ነበር፤ ከእንግዲህ አይመጣም። ስለዚህ የማውቀውን በቅደም ተከተሉ አስቀምጠዋለሁ።

ጋሽ ደምሴ ጠመንጃ ሠሪ ነበሩ። ፍራንክፈርት ውስጥ ታክሲ የሚነዳ፣ መጋዘን የሚሠራ፣ ሆስፒታል የሚያስታምም፣ ምግብ ቤት የከፈተ ሐበሻ ሞልቷል፤ ጠመንጃ የሚሠራ ከእሳቸው ሌላ አላውቅም። አገር ቤት በጦር መሣሪያ ጥገና ክፍል ሠርተዋል። በወጣትነታቸው የብረት ሥራ ሊማሩ ጀርመን መጥተው በዚያው ቀሩ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሮደልሃይም ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ግቢ ውስጥ በተሸሸገ ወርክሾፕ ለአዳኞች ጠመንጃ ሲገጣጥሙ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ቅዳሜን ጨምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ይመጡ ነበር። የወርክሾፑ ባለቤት በርንድ የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ እሱም ስድሳን አልፏል፤ «የሙያውን ግማሽ የተማርኩት ከእሳቸው ነው» ይላል።

አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። እጅ ከመጨበጣቸው በፊት ጣቶቻቸውን በጨርቅ አንድ በአንድ ይጠርጉ ነበር፤ እጃቸው ንጹሕ ቢሆንም። እንግዳው እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ያ ጥበቃ ሰውን ዝቅ ያደርገው እንደነበረ ያስተዋልኩት በኋላ ነው። ያኔ ጨዋነት መስሎኝ ነበር።

የተዋወቅነው በሥራ ነው። ስለ ታውኑስ ተራራ አዳኞች የሬዲዮ ዘገባ እሠራ ነበርና እሳቸውን እንዳናግር ተመራሁ። ዘገባው አለቀ፤ እኔ ግን አልለቀቀኝም። ክረምቱን ሙሉ ማታ ማታ ተምሬ ያግድሻይን የሚሉትን የአደን ፈቃድ አገኘሁ። ክላውስ የሚባል የታውኑስ ሰው፣ ለዘገባዬ ያነጋገርኩት፣ በተከራየው ጫካ ውስጥ እንዳድን ወረቀት ጻፈልኝ። ለውጭ አገር ሰው፣ ያውም ለጀማሪ፣ ይህ በቀላሉ የሚሰጥ አይደለም። ችግሩ ጉልበቴ ነበር። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ጉልበት ነው፤ የክላውስ ጫካ ደግሞ ቀጥ ያለ ዳገት። አዳኞች የሚያሳዩኝን ጠመንጃ ሁሉ ስሸከም ገና መንገዱ ሳይጋመስ እደክማለሁ።

ጋሽ ደምሴ ዘንድ ሄጄ፣ «ቀላል እፈልጋለሁ፤ በትክክል የሚመታ እፈልጋለሁ፤ ደግሞ እኔ ልገዛው የምችል» አልኳቸው።

ሳቁ። «ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

«ሌላው ሠሪ ሁለቱን ምረጥ ይልሃል። እኔ ሦስቱንም እሰጥሃለሁ፤ አራተኛውን ካልጠየቅኸኝ።»

«አራተኛው ምንድን ነው?»

«ውበት።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠመንጃ አላሳዩኝም። ማንገቻ የተሰፋለት ረጅም የሸራ ከረጢት አሸዋ ሞልተው ትከሻዬ ላይ አንጠለጠሉና ኒዳ ወንዝ ዳር ይዘውኝ ወጡ። ከሮደልሃይም ቀጥሎ እስካለው ሰፈር፣ እስከ ኒድ፣ በእግር ሄድን። ውሻ የሚያንሸራሽሩ ሰዎች ዞር እያሉ ያዩን ነበር። ጋሽ ደምሴ ወሬያቸውን እያወሩ እኔን ሳይሆን ትከሻዬን ነበር የሚያዩት። ማንገቻውን ወደ ሌላው ትከሻ ባዛወርኩ ቁጥር ያቆሙኝና አንድ እፍኝ አሸዋ ያወጡልኛል።

«ጠመንጃ የሚመረጠው በዓይን አይደለም፤ በእግር ነው» አሉኝ። «ሱቅ ውስጥ ቆመህ ያነሳኸው ሁሉ ቀላል ነው።»

ኒድ ስንደርስ ለረጅም ጊዜ ትከሻ ሳልለውጥ ሄድኩ። ከረጢቱን ወስደው ወርክሾፕ መዘኑት። ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ ሦስት ኪሎ የማይሞላ ጠመንጃ ነው የሚያስፈልግህ አሉኝ። ከዚያ በታች ከወረደ ግን ሲተኮስ ትከሻ እንደሚቀጠቅጥ፣ የሚፈራ ትከሻም ቃታ ላይ እንደሚቸኩል አስጠነቀቁኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰዎችን ሳነጋግር እንደዚህ ጠይቆኝ የሚያውቅ ባለሙያ አልገጠመኝም።

አሠራሩን ያስረዱኝ ስጋ ቤት ብልት እንደሚያስመርጡ ሰው ነበር። «ገንዘብህን አፈሙዙ ውስጥ ቅበረው፤ የተረፈህን ቃታው ላይ። እንጨት ለፎቶ ነው። ቅርጻ ቅርጽ ለሚስትህ ወንድም ነው፤ መጥቶ እንዲቀና።» መቀርቀሪያውንና መቀርቀሪያው የሚገባበትን ቤት የሞተ አዳኝ ሚስት ከሸጠችው አሮጌ ጠመንጃ ወሰዱ። ብረቱ ደህና ነው፤ የድሮ ሰው ሠርቶታል፤ አዲስ መግዛት ለስም መክፈል ነው አሉ። አፈሙዙን ግን አዲስ፣ ቀጭንና ከተለመደው አጠር ያለ አዘዙ። ሰደፉ ከእንጨት ሳይሆን ከፋይበር የተሠራ፣ መልኩ ያረጀ የፕላስቲክ ባልዲ የሚመስል ነበር። ብረቱ ሰደፉ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ በሙጫ እየሞሉ፣ እየፋቁ፣ እንደገና እየሞሉ ሦስት ሳምንት ፈጁበት። ለዚህ ሥራ ዓይን አይጠቀሙም ነበር። ጭንቅላታቸውን ወደ ጎን አዘንብለው በጣታቸው ጫፍ ይዳስሳሉ፣ «እዚህ ጋ ገና ይንቀሳቀሳል» ይላሉ። እኔ ምንም አይታየኝም። የጥበብ ጥግ መስሎኝ በድምፅ መቅጃዬ ሳይቀር ቀርጬዋለሁ።

«ቀጭን አፈሙዝ ቶሎ ይሞቃል» አሉኝ። «ከሦስተኛው ጥይት በኋላ እንደ ሰው ያልበዋል፤ ቃሉንም ያጥፋል። አንተ ግን ጦር ሜዳ አይደለህም። የጫካ ጠመንጃ ሥራው አንድ ጥይት ነው፤ ሁለተኛው ለይቅርታ ነው።»

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቅዳሜ አስረከቡኝ። በርንድ አልነበረም። ወርክሾፑ የራሱ ልማድ አለው፦ ከዚያ የሚወጣ ጠመንጃ ሁሉ ተተኩሶበት፣ የተተኮሰበት የዒላማ ወረቀት አብሮት ይሰጣል። ወረቀቱ ላይ ሦስት ቀዳዳ፣ ቀን፣ የተኳሹ ፊርማ። የእኔ ወረቀት ላይ ሦስቱ ቀዳዳዎች በአንድ ሳንቲም የሚሸፈኑ ነበሩ። ከሥሩ የጋሽ ደምሴ ፊርማ፣ በአማርኛ፣ ረጅም ጅራት ያለው።

እኔ የምመራበት አንድ ሕግ አለኝ። አንድ ምንጭ ወሬ ነው፤ ሁለት ምንጭ ዜና ነው። በዚህ ሕግ ሚኒስትር አስቀይሜበታለሁ፣ ጓደኛም አጥቼበታለሁ። በዚያን ቀንም አፌ ለምዶት፣ «ጋሽ ደምሴ፣ የሚመጣው ቅዳሜ የተኩስ ሜዳ ሄደን አንድ ጊዜ አብረን ብንተኩሰውስ?» አልኳቸው።

ጨርቁን አስቀመጡት። «ምን ልታይ?»

«እንዲሁ... እጄ እንዲለምደው።»

«እጅህ ጫካ ይለምደዋል። ፊርማዬን ልትፈትሽ ከሆነ ግን ንገረኝ፤ አላኮርፍም።» እየሳቁ ነበር።

አፈርኩ። አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው፣ ለእኔ ጉልበት ብለው አሸዋ መጥነው፣ ከነምርቃታቸው የሠሩትን ዕቃ ሰጥተውኝ፣ እስቲ ልየው ማለት ምን ይባላል? በእኛ ቤት ሽማግሌ የቆጠረውን ብር ፊቱ መልሰው አይቆጥሩም። «ኧረ ጋሽ ደምሴ፣ ምን በወጣኝ!» አልኩና ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ሜዳ አልሄድኩም። ከዚያ በኋላም ብቻዬን አልሄድኩም፤ በጀርባቸው መሄድ የባሰ መስሎ ታየኝ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ክላውስ፣ «ጠመንጃህ ተፈትኗል?» ሲለኝ ወረቀቱን አሳየሁት።

«ራስህ ተኩሰኸዋል?»

«የሠራው ሰው ተኩሶታል።»

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየኝና መለሰልኝ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጫካው ጫፍ ላይ ካለው የእንጨት ማማ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንድ ወጣት ወንድ ድኩላ ወጣ፤ እዚህ ያለው ትንሹ ዓይነት። ወደ ቀኝ ዞሮ ሣር ይነጫል፤ ርቀቱ ዘጠና ሜትር ገደማ፤ ነፋስ የለም። ከትከሻው ኋላ አነጣጠርኩ፣ ተነፈስኩ፣ ያዝኩ፣ ቃታውን ሳብኩ። ድኩላው በአፍጢሙ ወደቀና ተነሣ። የፊት እግሩ ተሰብሮ እየተንጠለጠለ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ።

ውሻ የሚመራ ሰው ተጠርቶ መጣ። እስከ ቀትር ተከተልነው። ደሙን ቅጠል ላይ እያየሁ በዚያ ዳገት በዚያ ጉልበት ወጣሁ። በመጨረሻ የውሻው ባለቤት ገላገለው። ክላውስ ከእንስሳው አጠገብ ተንበርክኮ ቁስሉን አየና፣ «አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ» አለ። ሌላ ምንም አላለኝም። መኪናው ጋ ስንደርስ እጁን ዘረጋ። «የጻፍኩልህን ወረቀት መልስልኝ።» መለስኩለት።

ማታውኑ ጋሽ ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። እንባዬ መጥቶ ነበር፤ አልደብቀውም። «እጄ ነው፤ ተንቀጥቅጦ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ሰጥተውኝ አዋረድኩዎት» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። ያንን ዝምታ አሁንም መለካት እችላለሁ፤ አንድ ሰው እውነቱን ለመናገር የሚበቃው ነበር። ከዚያ ትከሻዬን ያዙኝ።

«በማንም ይደርሳል፣ ልጄ። ቃታውን ቸኩለህ ሳብከው። ጠመንጃውን እስቲ ተወው፣ ልየው።»

ሦስት ሳምንት አቆይተው መለሱልኝ። «ምንም የለበትም» አሉ። «እጅህ ነው። ግን እጅ ይማራል።»

ያንን በጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተምሩኝ ጀመር። ባዶ ጠመንጃ አስይዘውኝ፣ አንድ ሳንቲም አፈሙዙ ላይ አስቀምጠው፣ ሳንቲሙ ሳይወድቅ ቃታ ያስስቡኛል። ከጀርባዬ ቆመው ትንፋሼን ያዳምጣሉ። «አጠረ፤ እንደገና። አሁንም አጠረ።» አንድ ቀን የወርክሾፑ በር ላይ በርንድ ቆሞ ሲያየን ነበር። ግንባሩን ቋጥሮ ወጣ። በእኔ ድክመት የተሰላቸ መሰለኝ። ሥራዬ ላይ እንኳ ያ ጥርጣሬ ገባ። ማይክሮፎን ስይዝ እጄን አየዋለሁ። ምሳ ስበላ ብርጭቆ ሳነሳ እጄን አየዋለሁ። አምሳ ዓመት ያላስቸገረኝን እጅ መጠርጠር ጀመርኩ፤ ሐኪም ዘንድ ቴርሚን የሚሉትን ቀጠሮ ይዤ የነርቭ ምርመራ ሳይቀር አደረግሁ። ሐኪሙ ምንም አላገኘም። ለጋሽ ደምሴ ስነግራቸው፣ «ሐኪም ይህን አያውቅም» አሉኝ።

ነገሩ የወጣው በመከር ነው። ሌላ የአደን ማኅበር እንዲቀበለኝ ተኩሼ ማለፍ ነበረብኝና ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የተኩስ ሜዳ ሄድኩ። የሜዳው ኃላፊ ሄልጋ የምትባል ወይዘሮ ናት። ጠመንጃውን ከሳጥኑ ሳወጣው ገና በሩቁ ለየችው።

«ይቺን ባልዲ አውቃታለሁ» አለች። «በርንድ ሰኔ ላይ ይዟት መጥቶ ሲራገም ነበር። አሥራ ስምንት ሴንቲሜትር ወደ ቀኝ ነበር የምትመታው። ማን ነው መነጽሩን እንዲህ የሰቀለው እያለ ሲያስተካክል ዋለ።»

«ሰኔ ላይ? ከዚያ በፊት ሚያዝያ ላይ ደምሴ አስተካክለውት ነበር እኮ።» ወረቀቱ ከያግድሻይኔ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ስለነበር አውጥቼ አሳየኋት።

መነጽሯን አድርጋ ቀኑን አነበበችው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ወደ ኋላ ገለጠች። «በዚህ ቀን ዝግ ነበርን። ያኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ የጥይት ማቆሚያውን አሸዋ ስናስቀይር ነበር። ደግሞ ደምሴ...» ወረቀቱን መለሰችልኝ። «ዓይኑ ደክሟል እኮ፤ ከተኮሰ ሁለት ዓመት አልፎታል። ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ተኩስ ይሰማል፣ ይሄዳል። አታውቅም እንዴ?»

አልተኮስኩም። ጠመንጃውን መልሼ ቆልፌ ሮደልሃይም በርንድ ዘንድ ሄድኩ። ስለ ዓይናቸው ያውቃል፤ ስለ ወረቀቱ አያውቅም። «ሰኔ ላይ ማስተካከሌን የነገሩህ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ሁለት ምንጭ ሆነ።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ፤ አራተኛ ፎቅ። ወንበራቸው ቴሌቪዥኑ አፍንጫ ሥር ተጠግቶ ነበር። ከዚህ በፊት አሥር ጊዜ አይቼው ምንም አላልኩም ነበር።

«ሚያዝያ ላይ ሜዳው ዝግ ነበር፣ ጋሽ ደምሴ።»

ቴሌቪዥኑን አጠፉ። «ማን ነገረህ?»

«ሁለት ሰው።»

«አንተ መቼም ያለ ሁለት ሰው አትመጣም።» ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። «መሐሉ ጠፍቶብኛል። ዳር ዳሩን አያለሁ። አንተን ለማየት ከጎንህ ያለውን መስኮት ማየት አለብኝ። ዒላማ ደግሞ መሐል ነው።»

«ወረቀቱስ?»

«መሳቢያ ውስጥ የድሮ ወረቀቶች ነበሩኝ፤ የደህና ዘመኔ። ቀኑንና ፊርማውን ያልጻፍኩባቸው። የሠራሁት ጠመንጃ እንደዚያ እንደሚመታ አውቃለሁ። መነጽሩን በአፈሙዙ ውስጥ እያየሁ አስተካከልኩት። የተስተካከለ መስሎኝ ነበር።»

«በርንድ ለምን አልተኮሰውም? የጀርመኖቹን እሱ አይደለም እንዴ የሚተኩስላቸው?»

«በርንድ ከተኮሰውማ የበርንድ ጠመንጃ ነው። እናንተ የመጣችሁት ወደ እኔ ነው።»

«እናንተ?»

ጣቶቻቸውን ጭናቸው ላይ ጠረጉ። ከእኔ ሌላ ሁለት ሐበሾች ነበሩ፦ ጭነት ድርጅት ውስጥ የሚሠራው ከድር፣ እና ሳሙኤል፣ ኒድ ውስጥ አዳራሽ ተከራይቶ የሚያመልከው ጉባኤ ዘማሪ። ሁለቱም በርንድ በሌለበት ቅዳሜ ነው የተረከቡት፤ ሁለቱም ያልተተኮሰ ጠመንጃ ይዘው ጫካ ይገባሉ።

«ለጀርመን እንዲህ ያለ ወረቀት ሰጥተው ያውቃሉ?»

«እንዴት አድርጌ! ጀርመን ወረቀቱን ይቀበልና አመስግኖ ሄዶ ራሱ ይተኩሳል። አባቱ ቢፈርምለትም ይተኩሳል። አንተ ግን እኔ ከፈረምኩ አትተኩስም።» ድምፃቸው ረጋ ያለ፣ የሚወድ ሰው ድምፅ ነበር። «አውቅ ነበር።»

ብዙ ጊዜ ተዋሽቻለሁ፤ ሥራዬ ነው። ባለሥልጣን ይዋሸኛል፣ ቃል አቀባይ ይዋሸኛል፤ እመዘግባለሁ እንጂ አይቆረቁረኝም። እኒህ ሰው ግን የዋሹኝ በማላውቀው ነገር አልነበረም። ባከበርኳቸው ልክ ነው የዋሹኝ። አክብሮቴን ለክተው፣ ስንት እንደሚሸከም አውቀው፣ ልክ እንደ አሸዋው።

«ወረቀቱን ተውት» አልኳቸው። «ዓይንዎትንም ተውት፤ ለዓይን ማንም አይፈረድበትም። እኔ ግንቦት ላይ እጄ ነው ብዬ ፊትዎ አለቀስኩ። በጋውን ሙሉ ሳንቲም ጭነው አስተማሩኝ። እጄ እንዳልነበረ እያወቁ። አሁን አንድ ነገር ብቻ ይበሉኝ። እጅህ አልነበረም ይበሉኝ።»

መስኮቱን አዩ፤ እኔን ማየታቸው ነው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። የመጣው ግን ሌላ ነበር።

«በርንድ ካስተካከለው በኋላ ሦስቱ ተያይዘዋል? አላሳየኝም። አንተስ ተኩሰኸዋል?»

«አልተኮስኩትም።»

«ውሰደኝ። ሥራዬ ደህና ከሆነ፣ ያበላሸሁት መነጽሩን ብቻ ከሆነ ልወቀው። ከዚያ ለከድርና ለሳሙኤል ራሴ እደውላለሁ። እስከዚያ ስሜን አትግደለው።»

«እስከ ቅዳሜ» አልኩ። «ካልደወሉ እኔ እደውላለሁ።»

ቅዳሜ ወሰድኳቸው። ሄልጋ ወንበር ሰጠቻቸው፤ ጆሯቸውን ሸፍነው ከኋላዬ ተቀመጡ። መቶ ሜትር ላይ አዲስ ወረቀት ሰቀልኩ። ከግንቦት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። እጄን አላየሁትም። በየጥይቱ መሐል አፈሙዙ እንዲቀዘቅዝ እየጠበቅሁ ሦስት ጊዜ ተኮስኩ።

«የት ነው?» አሉ።

በሩቅ መመልከቻው አየሁ። «መሐል ናቸው። ሦስቱም አብረው ናቸው፤ አንደኛውና ሁለተኛው ተነካክተዋል።»

«ወረቀቱን አምጣው።»

«ነገርኩዎት እኮ።»

«አምጣው።»

መቶ ሜትር ሄጄ መጣሁ። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና በአመልካች ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። ቀዳዳዎቹን ሲያገኙ ጣታቸው ቆመ። ዙሪያቸውን ዞሩ፣ ጫፋቸውን ነኩ፣ ወረቀቱን ገልብጠው ከጀርባው ደግሞ ነኩ። የእኔ ቃል አልበቃቸውም። አጣሩ። እኔ ሚያዝያ ላይ ማድረግ የነበረብኝን፣ ያፈርኩበትን ነገር፣ ያለ ምንም ኀፍረት አደረጉት።

«ሥራዬ ደህና ነው» አሉ። ፊታቸው በራ። «ደውልልኝ።»

ቁጥሩን እኔ ነካሁላቸው፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ከድር። ጋሽ ደምሴ አልተሽኮረመሙም። «ከድር፣ ጠመንጃህን አልተኮስኩትም። የሰጠሁህ ወረቀት የድሮ ነው። ዓይኔ ሄዷል፤ ደብቄህ ነበር። ወደ በርንድ ውሰደው፣ ይቅር በለኝ» አሉት።

ከዚያ ወገን ሳቅ ፈነዳ። «ወላሂ ጋሼ! እኔ እኮ ሁለት ከርከሮ ስቼ፣ ሚስቴ ዓይንህን ታይ ብላኝ መነጽር አሠርቻለሁ! አሁንም አድርጌዋለሁ! አብሽር ጋሼ፣ አብሽር፤ ዓይንዎትን አላህ ይማርልን።»

ሳሙኤል አልሳቀም። «ጋሼ፣ ይህን ለመንገር ስንት ቀን ተጨነቁ ይሆን» አላቸው። «እኔ ይቅር ብያለሁ፤ ጌታ ይባርክዎት።» ጋሽ ደምሴ አለቀሱ። ሄልጋ ቋንቋው ባይገባትም ውኃ አመጣችላቸው።

ሁለቱ ሰዎች ብዙም አልደረሰባቸውም ነበር፤ ይቅርታው ቀላቸው። እኔ ጎናቸው ተቀምጬ ተራዬን ጠበቅሁ። ስልኩን መለሱልኝ።

እስከ ሮደልሃይም ግማሽ ሰዓት ነዳሁ። ሬዲዮ አልከፈትኩም፤ እንዲናገሩ ቦታ ልስጣቸው ብዬ ነው። ስለ አፈሙዙ አወሩ። ስለ ሙጫው አወሩ። ፋይበር ሰደፍ ዝናብ ስለማይጠጣ ሁልጊዜ ከእንጨት እንደሚሻል አወሩ። ቤታቸው በር ላይ መኪናውን አቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ። አልወረዱም። አሁን ነው ብዬ አሰብኩ።

«ወረቀቱን ልውሰደው?» አሉኝ።

«ይውሰዱት።»

«እንግዲያ ቀኑን ጻፍና ፈርምበት። ያልተፈረመ ወረቀት ዋጋ የለውም።»

መሪው ላይ ዘርግቼ የዚያን ቀን ቀን ጻፍኩ፤ ከሥሩ ፈረምኩ። ተቀብለው በጥንቃቄ አጥፈው ደረት ኪሳቸው አስገቡት። በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን አስፋልቱ ላይ ካሳረፉ በኋላ ዞረው በጎኔ ያለውን መስኮት አዩ።

«ሁለተኛው ጥይት ላይ ትንፋሽህ አጠረ» አሉኝ። «ሰምቼዋለሁ። እሱን ሥራበት።»

ወርደው ሄዱ። ከአንደኛው ጋር የተነካካው ሁለተኛው ጥይት ነበር።